የሚንቋቋ አደራ

ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመርሳ ከተማ ለረጅም ዓመታት ፎቶ ቤት የያዙ አንድ አንጋፋ ሰው በፎጣ የተጠቀለለ የኪስ ሐርድ ዲስክ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በጠዋት ሚኒባስ ስሪንቃን አልፈው ወልድያ ገቡ። የመጡት ኮምፒውተር ወደምትጠግን አንዲት ወጣት ነው። ንግግራቸውን በምልልስ መልክ ያሰናዳሁት ጉዳዩ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ፎቶ ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ እድሩም ሳይቀር ዛሬ መዝገቡን የሚያኖረው መዳፍ በምታክል ሣጥን ውስጥ ነው።

ጋሼ፦ እንደምን አደርሽ ልጄ?

ባለሙያዋ፦ ደህና፣ እንደምን አደሩ ጋሼ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።

ጋሼ፦ መቀመጡስ ይቆየኝ። ይኸ ዕቃ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ኮምፒውተሩ አንዴ ያየዋል፣ አንዴ ጭራሽ አያውቀውም። እባክሽ ቶሎ ሰኪውና እዪልኝ።

ባለሙያዋ፦ አሁን አልሰካውም። አብሽሩ፣ ይቀመጡና መጀመሪያ ይንገሩኝ። ወድቆ ነበር?

ጋሼ፦ አልወደቀም። እንደ እንቁላል ነው የምይዘው።

ባለሙያዋ፦ ከመንቋቋቱ በፊትስ የተለየ ነገር አላዩበትም?

ጋሼ፦ ካልሽስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ፎልደር ስከፍት መዞሪያዋ ብቻ እየዞረች ታስጠብቀኝ ነበር። አንዳንዱ ፎቶ ደግሞ ላይኛው ግማሽ ደህና ሆኖ ታችኛው ግራጫ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ያረጀ መስሎኝ ተውሁት።

ባለሙያዋ፦ ዋናው ምልክት እሱ ነበር። ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ አይሞትም፤ አስቀድሞ ይዘገያል። ትናንት በቅጽበት ይከፈት የነበረ ፋይል ዛሬ ደቂቃ ከወሰደ፣ ኮፒ ሲደረግ መሃል ላይ ቆሞ ከቀረ፣ ኮምፒውተሩ ዲስኩ ሲሰካ ብቻ የሚደርቅ ከሆነ፣ የፋይሎች ስም ወደማይነበብ ፊደል ከተለወጠ፣ ወይም ‘ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት’ የሚል መልእክት ከመጣ ዲስኩ ‘ደክሜያለሁ’ እያለ ነው። ከጀመረው በኋላ ስንት ጊዜ ሞከሩት?

ጋሼ፦ እውነቱን ልንገርሽ? ትናንት ማታ ሃያ ጊዜ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለሙያዋ፦ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብዙ ዲስክ የሚሞተውም በዚህ ነው፤ ብልሽቱ ራሱ ገና ሳይጨርሰው በፊት ሙከራው ይጨርሰዋል። ምክንያቱን ባሳይዎት ይሻላል። ይህን ይመልከቱ፤ ክዳኑን ከፍቼ ለማስተማሪያ ያስቀመጥሁት የሞተ ዲስክ ነው።

ጋሼ፦ መስታወት ነው እንዴ? ፊቴን አየሁት።

ባለሙያዋ፦ መስታወት የሚያስመስለው እጅግ ስለተለሰለሰ ነው። ውሂቡ የሚጻፈው በዚህ ክብ ገጽ ላይ ባለ ስስ የማግኔት ንጣፍ ላይ ነው። የእርስዎ ዓይነት የኪስ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ 90 መሆኑ ነው። ይህ ክንድ ጫፉ ላይ የያዛት፣ ዓይን አተኩሮ ካላየ የማያገኛት ነገር ማንበቢያዋ ናት። ሲሠራ ገጹን አትነካውም፤ መሽከርከሩ በሚፈጥረው ነፋስ ላይ ትንሳፈፋለች። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖ ሜትር ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ የአንድ የአቧራ ብናኝ ለእሷ ምን እንደሚያህል ያስቡት።

ጋሼ፦ ይቺ ዙሪያዋን የዞረች ጭረትስ?

ባለሙያዋ፦ ማንበቢያዋ ወድቃ ያረሰችው ነው። ባለቤቱ ሲንቋቋ ሰምቶ፣ ‘ምናልባት ይነሳ ይሆናል’ ብሎ ሲያበራና ሲያጠፋ ዋለ። በእያንዳንዱ ሙከራ ማንበቢያዋ ንጣፉን እየፋቀች ሄደች። ተፍቆ ዱቄት የሆነው ንጣፍ ደግሞ የሰዎች ፎቶ ነበር። የተጎዳን ዕቃ መጠገን ይቻላል፤ ዱቄት የሆነን ውሂብ ግን በወልድያም፣ በአዲስ አበባም፣ በውጭ አገርም የሚመልሰው የለም።

ጋሼ፦ ወይኔ! እንግዲህ እኔም በገዛ እጄ…

ባለሙያዋ፦ አይፍረዱ፣ ገና አላየነውም። ጠቅ ያለ ሁሉ አልሞተም። ሲሰኩት የት ነው የሚሰኩት? በየትኛው ገመድ?

ጋሼ፦ ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ። ገመዱ ሲያጥርብኝ ከሱቅ ረጅም ገዛሁ።

ባለሙያዋ፦ ይህ ተስፋ ይሰጣል። የኪስ ዲስክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ሲሆን ወይም የፊት ቀዳዳው ሲደክም ጉልበት ያንሰዋል፤ ለመሽከርከር ይነሳና ይወድቃል። ያ ድምፅ ከማንበቢያ መበላሸት ድምፅ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ገመዱን በአጭርና በደህና መለወጥ፣ ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ከሆነም ከኋላ በኩል መሰካት ነው። ይህም አንድ ጊዜ እንጂ ሃያ ጊዜ አይደለም።

ጋሼ፦ ቫይረስ ቢሆንስ? በእኛ አካባቢ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው።

ባለሙያዋ፦ ጥሩ ጠየቁ፤ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ፋይሎች ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው ባለ ቀስት አቋራጮች ብቻ ከታዩ፣ የዲስኩ መጠን ግን እንደሞላ ከሆነ፣ ፍጥነቱም ካልቀነሰ ያ ቫይረስ ነው። ፋይሎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም፤ ዕቃውም ጤነኛ ነው። የእርስዎ ግን ዘግይቷል፣ ተንቋቅቷል፣ ፎቶ ግማሽ ሆኗል። ቫይረስ ድምፅ አያወጣም።

ጋሼ፦ ጎረቤቴ ‘በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው’ አለኝ። ሌላው ደግሞ ‘ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገው’ አለ።

ባለሙያዋ፦ እንኳን አልሰሟቸው። ከቅዝቃዜ የወጣ ብረት ላይ ወበቅ ያለበት አየር ሲያርፍ ጤዛ ይቋጥራል፤ መርሳ ደግሞ ሞቃት ነው። ያ ጤዛ በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ገባ ማለት ነው። መምታቱማ ማንበቢያዋን በገጹ ላይ እንደ መጣል ነው። እነዚህን በቃልዎ ይያዙልኝ፦ ‘ፎርማት ላድርግ?’ ሲልዎት እሺ አይበሉ። ‘ዲስኩን ላስተካክል?’ ሲልዎትም እሺ አይበሉ፤ ማስተካከያው በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ደካማውንም ያስሮጠዋል። ፋይል መመለሻ ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ አይጫኑ። ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ። እኔም እዚህ አልከፍተውም።

ጋሼ፦ አንቺስ ለምን? ባለሙያ አይደለሽም?

ባለሙያዋ፦ ባለሙያ ስለሆንሁ ነው። መክፈት የሚቻለው አየሩ በተጣራ ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ቤት በአስፋልት ዳር ያለ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራ የሚገባበት ቤት ነው። ‘ከፍቼ እጠግነዋለሁ’ የሚል ሰው ካጋጠመዎት የት እንደሚከፍተው ይጠይቁት። በተራ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ዲስክዎን ይዘው ይውጡ። እንዲሁም ‘ቦርዱን ከሌላ ዲስክ አውጥቼ እለውጠዋለሁ’ ለሚል ይጠንቀቁ። በአሁኖቹ ዲስኮች ቦርዱ ላይ የዚያ ዲስክ ብቻ የሆነ ልኬት የተጻፈባት ቺፕ አለች፤ እሷ አብራ ካልተዛወረች ቦርድ መለወጥ ብቻውን አይሠራም።

ጋሼ፦ መብራቱስ አይጎዳውም? እኛ ዘንድ በቀን ስንት ጊዜ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ባለሙያዋ፦ ይጎዳዋል። መብራት ድርግም ሲል ዲስኩ በቀረችው የመሽከርከር ጉልበት ማንበቢያዋን ወደ ማረፊያዋ ይስባታል። ለክፉ ቀን የተሠራ መላ ነው፣ ግን የየቀን ሥራው እንዲሆን አልተሠራም። እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ደግሞ የፋይሎቹ ማውጫ ይበላሻል። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ቦርድ ያቃጥላል። ለዚህ ነው ‘መብራት ሲሄድ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሶኬቱንም ይንቀሉ’ የምለው። ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው አነስተኛም ብትሆን መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የምትይዝ ዩፒኤስ ታስፈልገዋለች። ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ከሆነ ከዚህ ጣጣ ያድናል። ደጋ ላይ ላሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ የአብዛኞቹ ዲስኮች የአምራች ወረቀት እስከ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ እንደሚሠሩ ይናገራል። ማንበቢያዋ የምትንሳፈፈው በአየር ነዋ፤ አየሩ ሲሳሳ ዝቅ ትላለች። ወልድያና መርሳ ከዚያ በታች ናቸው፣ በላስታ ተራሮች ላይ ያለ ትምህርት ቤት ግን ይህን ማወቅ አለበት።

ጋሼ፦ እሺ፤ አሁንስ ትሰኪዋለሽ?

ባለሙያዋ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ከውስጡ አንድ ፎልደር ብቻ ይዳን ቢባል የትኛውን ይመርጣሉ?

ጋሼ፦ (ዝም አሉ) የ2011ን የምረቃ። ከትናንት በስቲያ አንዲት እናት መጣች። ልጇ በዚያ ዓመት ሲመረቅ እኔ ነበርሁ ያነሳሁት። ልጁ ዛሬ የለም። ‘ተዝካሩ ደርሷል፣ ጋዋን ለብሶ የተነሳውን አሳድገህ አውጣልኝ’ አለችኝ። ያን ዕለት ነው ዲስኩን ስከፍት መንቋቋት የጀመረው። ‘ነገ ነይ’ አልኋት። ለዚያች እናት ምን ብዬ እመልስላታለሁ? ይኸ የኔ ንብረት አይደለም፣ አደራ ነው።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው መጀመሪያ የምናወጣው እሱን ነው። ዲስክ ሲታመም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ትንሽና መተኪያ የሌለው ይቀድማል፣ ፊልምና ዘፈን ኋላ ይመጣል። ምን ያህል ሰዓት እንደቀረው አይታወቅምና። አሁን በአጭሩ ገመድ፣ በላፕቶፕ እሰካዋለሁ። ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው የምከፍተው፣ ለማንበብ ብቻ እንጂ ምንም እንዳይጽፍበት አድርጌ። ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ፤ ሲነሳ ይሰማዎታል?

ጋሼ፦ እእ… ይንቀጠቀጣል። እየዞረ ነው። ጠቅታው ቀረ!

ባለሙያዋ፦ ቀረ። ጠቅታው የገመዱ ነበር። የቀጠለ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ነቅዬ ‘ይህ ከኔ አቅም በላይ ነው፣ የተጣራ ክፍል ያለው ዘንድ ይላክ’ ብዬ እመልስልዎት ነበር። ግን አይደሰቱ፣ የመዘግየቱ ነገር አልተፈታም። የራሱን ማስታወሻ እናንብብ።

ጋሼ፦ ማስታወሻም ይጽፋል?

ባለሙያዋ፦ ይጽፋል። ስማርት ይባላል። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ የት የት ማንበብ እንዳቃተው ራሱ ይመዘግባል። በዊንዶውስ ‘ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ’ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያሳየዋል፤ ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ አበቃ። ከቀለሙ ይልቅ አራት ተራ ቁጥሮችን ይያዙ። 5ኛው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ክፍሎች ብዛት ነው። 197ኛው ዲስኩ አንብቦ ማግኘት ያልቻለው፣ ፍርዱን የሚጠብቅ ክፍል ነው። 198ኛው ተፈትሾ የማይነበብ መሆኑ የታወቀ ነው። 199ኛው ደግሞ የገመድ መንገድ ላይ የተበላሸ ንባብ ነው፤ እሱ ብቻ ከጨመረ ጥፋቱ የገመዱ እንጂ የዲስኩ ላይሆን ይችላል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ቁጥሮቹን በፊደል ቀላቅሎ ስለሚያሳይ እንዳያስደነግጥዎት፤ ከምርጫው ወደ ተራ ቁጥር መለወጥ ይቻላል።

ጋሼ፦ የኔስ ምን ይላል?

ባለሙያዋ፦ 197ኛው ዜሮ አይደለም፣ 5ኛውም ዜሮ አይደለም። ግማሽ ፎቶ ያሳየዎት ይኸው ነው። ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ገና አልሞተም።

ጋሼ፦ ታዲያ ጥቂት ክፍል ቢበላሽ ቀሪው አይሠራም? በመጠባበቂያ ይተካል አላልሽም?

ባለሙያዋ፦ ሰው ሁሉ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጉግል ውስጥ ያሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከ100,000 የሚበልጡ የድርጅቱን ዲስኮች ተከታትለው ውጤቱን አሳትመዋል። በፍተሻ የመጀመሪያውን የንባብ ስሕተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካላሳየው 39 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተት እንደ ጥቂት የሚቆጠር አይደለም። ያው ጥናት ሌላም ነገር ይዟል፤ ከሞቱት ከሦስቱ አንዱ ያህል በስማርት መዝገባቸው ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ነው የሞቱት። ምልክት ካዩ ያውጡ፤ ምልክት አላየሁም ብለው ደግሞ አይተኙ።

ጋሼ፦ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸ ነው።

ባለሙያዋ፦ እሱ ነው ጋሼ። አሁን የምረቃውን ፎልደር ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ እየወሰድሁ ነው። እሱ ሲያልቅ ዲዲሬስኪዩ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ እቀዳዋለሁ። ተራ ኮፒ የተበላሸ ክፍል ሲያገኝ እዚያው ተጣብቆ ዲስኩን ያስለቅሰዋል። ይህ ግን መጀመሪያ ደህና ደህናውን ያነሳል፣ ያቃተውን ዘሎ ያልፋል፣ ወደ ክፉው ኋላ ይመለሳል። ጤፍ ሲለቀም መጀመሪያ ንጹሑን እንደማንሳት ነው። ጤነኛ የአንድ ቴራ ዲስክ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ይሆናል፤ የታመመው ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ጋሼ፦ ቀናት? መብራቱ… ኧረ ይኸው ሄደ!

ባለሙያዋ፦ አብሽሩ፣ ይዩት፤ ላፕቶፑ በባትሪው ነው፣ ዲስኩም መዞሩን አላቆመም። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ በትንሽ ካርታ ፋይል ላይ ይጽፋል። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከሀ አይጀምርም። ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ቅጂው ካለቀ በኋላ የታመመው ዲስክ ይነቀላል፣ አይነካም። የጠፋ የመፈለጉ ሥራ በቅጂው ላይ ነው የሚሠራው። ማውጫው የተበላሸ ፎቶ ካለ ፎቶሬክ በሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም እፈልገዋለሁ፤ ስሙን ባይመልስም ምስሉን ያመጣል።

ጋሼ፦ እኔስ ወደፊት ምን ላድርግ? ወጣቶቹ ‘ኤስኤስዲ ግዛ፣ አይንቋቋም’ ይሉኛል።

ባለሙያዋ፦ አይንቋቋም፤ ስለማይንቋቋ ግን ሳይናገር ሊሞት ይችላል። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይቋቋማል፣ ለሥራም ፈጣን ነው። ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ማህደር ግን አልመክረውም፤ የያዘው የኤሌክትሪክ ሙሌት በጊዜ ብዛት ይተናል። በገበያ የሚሸጠውን ‘ሁለት ቴራ’ የሚባል ርካሽ ፍላሽም አይመኑ። ብዙው ሐሰተኛ ነው፤ የተቀበለ መስሎ አሮጌውን በአዲሱ ይደርብበታል። የትኛውም ዕቃ ይሞታል። የሚያድነው የዕቃው ዓይነት ሳይሆን የግልባጩ ቁጥር ነው። ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ያስፋፋው ደንብ አለ፤ ሰውየው እንደ እርስዎ ፎቶ አንሺ ነው። ሦስት ግልባጭ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከሌሎቹ በራቀ ቦታ።

ጋሼ፦ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ሁለት ግልባጭ ነበረኝ። አንዱ መርሳ ሱቄ፣ አንዱ እዚህ ወልድያ ወንድሜ ቤት። የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ያለውን ታውቂዋለሽ። መብራትም ስልክም ተቋርጦ ሰው ነፍሱን ይዞ ሸሸ። ስንመለስ ሱቄም፣ የወንድሜም ቤት ባዶ ነበር። የተረፈው ይህ አንድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ልጄ በቦርሳዋ ይዛው ስለወጣች።

ባለሙያዋ፦ አውቀዋለሁ ጋሼ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያን ጊዜ ተዘርፏል። ከዚያ የተማርነው ‘የራቀ ቦታ’ የሚለው ቃል ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ነው። መርሳና ወልድያ ሁለት ከተማ ናቸው፣ መንገዱ ግን አንድ ነው። በዚያ ዘመን ደሴም ኮምቦልቻም በዚያው መንገድ ላይ አብረው ተያዙ። አንድ ጎርፍ፣ አንድ እሳት፣ አንድ ጦርነት የማይደርስባቸው ሁለት ቦታዎች ያስፈልጋሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት አንድ ዲስክ እዚያ ይቀመጥ። ኔትዎርክ ሲኖር ደግሞ ምርጥ ምርጡን፣ ሁሉንም ባይሆን፣ ኢንተርኔት ላይ ይጫኑት። ኔትዎርክ ሲጠፋ አያገኙትም፣ ግን አይጠፋም።

ጋሼ፦ አሁን ስትይው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከመርሳ ወደ ደሴ ስንሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ አይደል? የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባል፣ ከ13ኛው መቶ ዘመን የመጣ ብራና አለው። ወጣት ሳለሁ ‘የውጭ ሰዎች ፎቶ አንስተውታል’ ሲባል ሰምቼ ቅር ብሎኝ ነበር። ቅርሳችንን ለምን ያነሱታል ብዬ።

ባለሙያዋ፦ ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራናዎች ማይክሮ ፊልም ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ያለችበት ነው። ወደ 9,000 የሚደርሱ ብራናዎች ከየገዳሙና ከየደብሩ ተነሱ፤ የሐይቁ ወንጌል በመዝገቡ 1832ኛው ነው። የፊልሙ ግልባጭ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ገባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን እዚያ ሆነው እነዚህን ብራናዎች ሲያነቡና ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖሩ። ብራናው ከነክብሩ በቦታው ይኑር። ክፉ ቀን ቢደርስበት ግን ቃሉ አብሮ አይጠፋም። እኛ ዛሬ ባክአፕ የምንለውን እነዚያ ሰዎች ኮምፒውተር በእያንዳንዱ ቤት ሳይገባ አድርገውታል።

ጋሼ፦ ከእነሱ በፊትም ጸሐፊዎቹ አድርገውት የለ? ብራና ሲያረጅ እየገለበጡ አይደል እዚህ ያደረሱት? በየጁ ያሉ ሸኾችም ኪታባቸውን በእጃቸው እየገለበጡ ነው ለደረሳ ያወረሱት። ማንም ‘አንድ አለኝ፣ ይበቃኛል’ አላለም።

ባለሙያዋ፦ እንዳሉት ነው። ያኔ አንዱን መጽሐፍ መገልበጥ ወራት ይፈጅ ነበር። እኛ አንድ ሌሊት ይበቃናል፤ ያም ሆኖ አንገለብጥም። ቸል የምንለው ስለቀለለን ይመስለኛል።

ጋሼ፦ ወጪውስ? ዲስክ ዛሬ ርካሽ አይደለም። እኔ የመርሳ ፎቶ አንሺ ነኝ።

ባለሙያዋ፦ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ያስቡ። የሠርግ ሥራ ሲቀበሉ የወረቀቱን፣ የቀለሙን፣ የአልበሙን ያሰላሉ። የማስቀመጫውንም ያስሉ። ለደንበኛው ይንገሩት፦ ‘ፎቶህን በሁለት ዲስክ አኖርልሃለሁ፣ ዋጋው ከነዚህ ጋር ነው’። ማንም አይቃወምዎትም። ለሙሽራውም ቅጂውን በፍላሽ ይስጡት፤ በደንበኛ ቤት ያለው ራሱ አንድ ግልባጭ ነው። ዲስኮቹን በተለያየ ጊዜ ይግዟቸው፤ አብረው የተገዙ አብረው ሊያረጁ ይችላሉ። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ይወስኑና ከሁለቱም ላይ ጥቂት ፎቶ ከፍተው ይዩ። ያልተከፈተ ግልባጭ አለ ተብሎ አይታመንም። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዲስኩ ደህና ቢሆንም ማህደሩን ወደ አዲስ ያዛውሩ።

ጋሼ፦ እሺ። ያልሽውን ሁሉ አደርጋለሁ። ያ… የምረቃው ፎልደርስ?

ባለሙያዋ፦ አልቋል። ይምጡ፣ ራስዎ ይክፈቱት።

ጋሼ፦ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ክፈቺው።

ባለሙያዋ፦ ይኸው። ስንተኛው ነው?

ጋሼ፦ ወደ ታች… ትንሽ ወደ ታች። እሱ! እሱ ነው። እይው፣ ባርኔጣው ላይ ያለው ክር በነፋስ ወደ አፉ ሄዶበት ሲስቅ ነው ያነሳሁት። ‘ድገመው’ ብሎኝ ነበር፣ ደግሜም አነሳሁት፤ ይቺ የመጀመሪያዋ ግን ትበልጥ ነበር። ሙሉ ናት? ግራጫ የለባትም?

ባለሙያዋ፦ ሙሉ ናት ጋሼ። ሁለተኛዋ ግን ከግማሽ በታች ተበላሽታለች። ፍተሻው ሲያልቅ ደግሜ እሞክራታለሁ።

ጋሼ፦ አንዷ ትበቃታለች። ለዚያች እናት አንዷ ትበቃታለች።

ባለሙያዋ፦ ዛሬ ማታ ዲስኩ እዚህ ይደር። ነገ ሲመጡ ሁለት ባዶ ዲስክ ይዘው ይምጡ፤ አንዱ ከእርስዎ ጋር መርሳ ይመለሳል፣ አንዱ አዲስ አበባ ይሄዳል። አሮጌው ‘ለጊዜው ይሠራል’ ተብሎ ወደ ሥራ አይመለስም።

ፎቶ አንሺው በማግስቱ ሁለት ዲስክ ይዘው ተመለሱ። ቅጂው ሁለት ሌሊት ፈጅቶ፣ ጥቂት ፎቶዎች ላይመለሱ ቀርተው፣ የቀረው ዳነ። የእናትየዋ ልጅ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታትሞ ለተዝካሩ ደረሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታነብ ምናልባት የአንተም ዲስክ ፎልደር ለመክፈት ከወትሮው የሚዘገይ ይሆናል። የልጆችህ ፎቶ፣ የወላጆችህ ድምፅ፣ የመሥሪያ ቤትህ መዝገብ በአንድ ቦታ ብቻ ካለ ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ሁለተኛ አድርገው፤ በዚህ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሦስተኛውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላክ። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማህም እጅህን ሰብስብ፣ ንቀለው፣ ደግመህ አትሞክር።

ሐርድ ዲስክ ይሞታል። ግልባጭ ያለው አደራ ግን አይሞትም።